ለጸጋዬ የተፈጠረ ቲያትር

«የቲያትሩን ነገር ማን ነው የፈጠረው?»

ሪያድ ውስጥ፣ ባዲዓ ሰፈር ባለችው ጠባብ የኪራይ ክፍል ፍራሽ ላይ የተደረደሩት ለቀስተኞች የሻይ ብርጭቋቸውን ማየት ጀመሩ። ሶስና ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ግድግዳውን ተደግፋለች። ወንድሟ ጸጋዬ አዲስ አበባ ላይ መሞቱን የነገሯት ትናንት ጠዋት ነው። የሞተው ግን ትናንት አይደለም። ሁለት ወር አልፎታል፤ እዚህ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር።

«እየጠየቅኩ እኮ ነው!»

ጋሽ ኢድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ግንባታ ላይ ሲሚንቶ የሚያቦኩ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ ትልቅ ስለሆኑ መርዶውን የነገሯት እሳቸው ነበሩ።

«ተይው ልጄ። ክፉ አስበን አይደለም። መርዶ እኮ ጊዜ ተጠብቆ ነው...»

«ሀላዋውን በልተዋል ወይስ አልበሉም?»

ሽማግሌው አፋቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። በልተዋል።

ሶስና ነሲም ሰፈር ውስጥ አሠሪዎቿ ቤት ነው የምታድረው፤ የምትወጣውም በወር አንድ ዓርብ ብቻ ነው፤ ሦስት ቀን የተፈቀደላት አሁን ገና ነው። የወንድሟ ስልክ አልነሳ ብሏት ስትጨነቅ፣ እዚህችው ክፍል ውስጥ፣ «አልሰማሽም እንዴ? ድኖ ቲያትር አግኝቷል፤ ክፍለ ሀገር ወጥተዋል፣ ኔትወርክ የለም» አሏት። ንጉሥ ሆኖ ነው የሚጫወተው አሏት። ዕድሜ ልኩን ዘበኛና መልእክተኛ ሲጫወት የኖረው ጸጋዬ! ከታመመ ወዲህ መድረክ ያልረገጠው ጸጋዬ! በወሩ ስትወጣ ከሱወይዲ ገበያ ትልቅ ሳጥን ሀላዋ ገዝታ መጣች። በየእጃቸው አደለቻቸው። «እንኳን ደስ አለሽ» እያሉ በሉ፤ አንዷማ ጣቷን ላሰች።

«እልል ብያለሁ እኮ!» ድምፅዋ ከፍ አለ። «እልል ስል ዝም ብላችሁ አያችሁኝ!»

«ቀስ በይ እህቴ» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው አፊፋ። «ሐሪሱ ይሰማል።»

የሕንፃው ዘበኛ ከሰማ፣ ከእነሱ መሀል ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ማን ማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ሶስና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እዚህ አገር ሰው የሞተበት እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚያለቅሰው። ይሄም ራሱ አናደዳት።

እሷና ጸጋዬ አዲስ አበባ ሳሉ እሑድ ማለት ቲያትር ነበር። ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ይወጣሉ፤ ኦቾሎኒ በወረቀት አስጠቅልለው ይሰለፋሉ። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ አፉን ዘግቶ የሚያይ ሰው የለም። «አትመኚው፣ ውሸቱን ነው!» ብሎ ከወንበሩ የሚነሳ አለ፤ ከሃዲው ሲገባ የምትሳደብ ባልቴት አለች። ሶስና ያን ሁሉ ትወደው ነበር። ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ግን መብራቱ ጠፍቶ መጋረጃው እስኪከፈት ያለችውን አፍታ ነው፤ ያ ሁሉ ለፍላፊ ባንድ ጊዜ ጸጥ ሲል።

አንድ ጊዜ ጸጋዬ ሬሳ ሆኖ ተጫወተ። ነጭ ጨርቅ ለብሶ መድረኩ መሀል ተጋድሞ ሙሉ ትዕይንት ተለቀሰለት። ሶስና ከፊት ተቀምጣ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ልትስቅበት ትጠባበቃለች። ንቅንቅ አላለም። ሳቋ ጠፋ፤ ፈራች። መጨረሻ ላይ ተነስቶ እጅ ሲነሳ መዳፏ እስኪግል አጨበጨበች። ውጪ ሲገናኙ «ፈራሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። «ሁለተኛ እንዳትሠራት» አለችው።

ሪያድ ከመጣች በኋላ ሙቀቱንም መዳሟንም ለመደች። እሑድን ግን መልመድ አቃታት። በዕረፍቷ ዓርብ እዚህችው ክፍል መሀል ቆማ፣ ያየችውን ቲያትር ሁሉ የእያንዳንዱን ድምፅ እያስመሰለች ታሳያቸው ነበር።

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

የማድቤቱ በር ላይ ኑርያ ቆማለች፤ የክፍሉ ተከራይ፣ ሶስና በዚህ ከተማ ከሁሉ የምታምናት ሰው። የታጠቡ ብርጭቆዎች የተደረደሩበት ትሪ ይዛለች።

«አንቺ?»

«አገር ቤት ያለችው እህትሽ እኔ ጋ ነው የደወለችው። ሰው ሰብስባችሁ ንገሯት አለችኝ። አንቺ ደግሞ ያኔ ማታውኑ ተመላሽ ነበርሽ። እዚያ ሰው ቤት፣ ብቻሽን፣ ሳህን እያጠብሽ... ወላሂ አልቻልኩም።»

«እና ንጉሥ አደረግሽው።»

«ሌላ ብልሽ አታምኚኝም ነበር።»

እውነቷን ነው። ኑርያ ከከሚሴ ወጥታ በየመን በኩል ባሕር ተሻግራ የመጣች ናት፤ እንኳን ቲያትር ቤት፣ አዲስ አበባንም አላየችም። የምታውቀው ሶስና ያሳየቻትን ብቻ ነው፤ ውሸቱንም ከዚያው ነው የሠራችው። ሶስናን ያንገበገባት ይሄ ነው።

«ለመዳሜ ነግሬያታለሁ! ማብሩክ ብላኛለች! መብራቱ ሲበራበት እየታየኝ ብቻዬን ስስቅ ከርሜያለሁ፤ እሱ አፈር ውስጥ ነው!»

«ሶስዬ...»

«አርባው ወጥቷል! እናቴ አልቅሳ ወጥቶላታል። አገሬው እንባውን ጠርጎ ወደ ሥራው ሄዷል። እኔ አሁን ከማን ጋር ላልቅስ? ከእናንተ ጋር? እናንተ እኮ ጨርሳችኋል! ለቅሶዬን ነው የሰረቃችሁኝ!»

ጋሽ ኢድሪስ ቀስ ብለው ተነሱ። «ኸላስ፣ በቃ፤ ነፍሱ ትረፍ። አላህ ሶብሩን፣ መጽናናቱን ይስጥሽ ልጄ» ብለው ጫማቸውን ፈለጉ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሁለቱ ብቻ ቀሩ፤ ኑርያ ትሪውን እንደያዘች ነው።

«ምን ለብሶ ነበር?» አለች ሶስና።

«ማን?»

«ንጉሡ ነዋ! ስትዋሺኝ ምን አልብሰሽው ነበር?»

ኑርያ አቀረቀረች። «ካባ። ትልቅ ካባ፣ ወርቅ ጥልፍ ያለው።»

«ካባ!» ሶስና ከፍራሹ ብድግ ብላ ፊት ለፊቷ ቆመች። «አይተሽው የማታውቂውን ሰው! ካባ የት ያርፍለታል? ትከሻ የለውም እኮ! ሸሚዙን እንኳ እናቴ ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳ ነበር የምታስጠብብለት። ይቺን ታክላለች፤ ይኸው፣ እይ!»

ሁለት መዳፎቿን አየር ላይ አቁማ ለካችላት። ኑርያ በመዳፎቹ መሀል ያለውን ባዶ ቦታ አየች። ሶስና ስድብ ልትጨምር አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። እጆቿን ግን አላወረደቻቸውም።