ወይዘሮ እኅተማርያም ሳነቴን ሲወጡ

ልጃቸው ሠርከአዲስ ሳታማክራቸው መምህር ዱጉማን ያገባች ጊዜ፣ ወይዘሮ እኅተማርያም «ዳግመኛ ዓይንሽን አላይም!» ብለው ምለው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎባ ተቀምጠው መሐላቸውን አክብረዋል። እልህ ሲይዛቸው አያድርስ ነው። አንድ ማለዳ ግን ያ ያልወደዱት አማች ከተራራው ማዶ ካለችው ሪራ ተነሥቶ፣ በቅሎ ስቦ ደጃቸው መጣና አንገቱን ደፍቶ፣

«ሠርኬ ወሯ ገብቷል። እናቴ ካልመጣች አልወልድም ብላለች» አላቸው።

የእናት አንጀት መቼ ይጨክናል! ዘመኑ የዘመቻ ነውና መኪናው ሁሉ ተወስዷል። የቀበሌው ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት ለመስጠት ግማሽ ቀን በር ላይ አቆማቸው። በቅሎዋም ብትሆን ገና ከሳነቴ ተራራ አቀበት ሥር አነከሰችና ከብት ጠባቂዎች ቤት ቀረች። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው።

በዱጉማ ወገኖች ዘንድ ሰው የሚስቱን እናት ፊት አያይም፤ እሳቸው ባሉበትም እህል አይቀምስም። ስለዚህ ዱጉማ አሥር እርምጃ ቀድሞ፣ የሚያወራውንም ጀርባውን ሰጥቶ ያወራል።

«ስንት ቀረን?» አሉ እሳቸው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ።

«ተራራውን አይዩት። እስከዚያች እንደ ሰው ቀጥ ብላ እስከቆመችው የጅብራ ተክል ብቻ ነው።»

ጅብራዋ ጋ ሲደርሱ ሌላ ጅብራ ያሳያቸዋል። ወይዘሮ እኅተማርያም ነገሩ ገባቸው፤ ግን አልተቆጡም፤ ጨዋታ አደረጉት።

«ይቺ እንግዲህ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ናት» አሉ ቀጣይዋን። «ዛሬ ደግሞ እሱ ይቁም፣ እኔ ልለፍ!»

ዱጉማ ሳቁን ቢያፍንም ትከሻው ከዳው። ከዚያ ወዲያ ያላለፉት ሰው የለም፤ የሰፈሩ ሐሜተኛ፣ ቅቤ በሙዝ እየቀላቀለ የሚሸጠው ነጋዴ፣ ሁሉም ጅብራ ሆኖ ኋላ ቀረ። አንዷ ጋ ሲደርሱ ግን ድምፃቸው ቀነሰ።

«ይቺ የእኔ መሐላ ናት» አሉና ሳያዩዋት አለፉ።

ከተራራው አናት ሜዳው ላይ ሲወጡ ነፋሱ ትንፋሻቸውን ነጠቃቸው። ድንጋይ ላይ ዘፍ አሉ።

«ሂድ አንተ፤ ልጄ ብቻዋን ናት» አሉት። «ለእኔ ተመልሰህ ትመጣለህ።»

ዱጉማ እንዴት ይንካቸው? ቆይቶ መጣና፣ እንደተለመደው ጀርባውን ሰጥቶ ፊታቸው ተንበረከከ።

«ጃባዻ እማማ፣ በርቱ። ይታዘሉልኝ። ጀርባዬ ዓይን የለውም።»

ታዘሉ። ጥቂት እንደሄዱ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማቸው። ለካ ሁለት ቀን እሳቸውን አፍሮ እህል በአፉ አልዞረም! ለአራሷ ከቋጠሩት፣ በቅቤ ከታሸው የገብስ ጩኮ ቆርሰው በትከሻው በኩል አፉ ውስጥ ከተቱለት።

«እማማ፣ ነውር ነው…»

«ፊትህን አላይም፤ ዋጥ!»

ዋጠ። ደግመው አጎረሱት። ይህን ሰው ሁለት ዓመት መጥላታቸው አሳፈራቸውና እንባቸው ኮቱ ላይ ወረደ። እሱ እንዳላወቀ ሆኖ ቁልቁለቱን ጀመረ።

ሪራ ሲደርሱ ሽቶ የምትባል የሠርከአዲስ ጎረቤት በሩን ወለል አድርጋ «ይዟታል፣ ፈጠን በሉ!» አለች። ሠርከአዲስ ምሰሶውን አቅፋ ታቃስታለች። እናቷን በባሏ ጀርባ ላይ ስታይ ምጡን ረሳችው።

«እማዬ! አዝሎሽ መጣ?»

ወይዘሮ እኅተማርያም ወረዱ። ዱጉማ ሊሸሽ ሲል ፊቱን በሁለት እጃቸው ያዙና ጉንጩን ሳሙት።

«አዎ» አሉ። «ያላዘልኩት ልጅ አዘለኝ።»

ከዚያ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከልጃቸው ጎን ተንበረከኩ።

«በይ እንግዲህ፣ መጥቻለሁ።»