ከሩቅ የተነሡ

አቶ ወልደአረጋይ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጓቸውና በአንዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ይህ ማን ነው?"

"ወንድሜ ረሺድ ነው" አለች አፊፋ።

"ጀርባው ነው እኮ! ይኼኛውስ?"

"የአልዩ አምባ ገበያ።"

"እነዚህም ሁሉ ጀርባቸውን ሰጥተውሻል።"

"እንዳያዩኝ ብዬ ነው። ሲያዩኝ መልካቸው ይለወጣል።"

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ፎቶ ቤት ከከፈቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ረዳታቸው ለብሔራዊ ውትድርና ስለተወሰደባቸው ሰው ይፈልጉ ነበር።

"ሰው እዚህ የሚመጣው ፊቱ እንዲቀርለት ነው። አንቺ ጠጋ ብለሽ 'ላንሣህ ወይ?' አትይም፤ እምቢ እንዳይሉሽ ትፈሪያለሽ። ለዚህ ሥራ አትሆኚም፣ ልጄ።"

"እሺ" ብላ ፎቶዎቿን ሰብስባ ወጣች። አለቅሳለሁ ብላ ነበር፤ ምንም አልመጣም። ብርዱ ፊቷን ሲገርፈው እንኳ የሌላ ሰው ፊት መሰላት።

እናቷ ሰሊሃ የውትድርና ምልምሎች ከታሰሩበት ግቢ ፊት ለፊት፣ ስንቅ ታቅፋ ተቀምጣለች። ረሺድ ከገበያ ከታፈሰ ሳምንቱ ነው። ዛሬ ወደ ማሠልጠኛ ይጫናሉ ተብሏል።

"ተቀበለሽ?"

"አልተቀበለኝም።"

"አላህ ሌላ ይስጥሽ። በይ የወንድምሽን ፎቶ ስጪኝ፤ እሱን እያየሁ ልቆይ።"

አፊፋ ያላትን ሁሉ ሰጠቻት፦ አህያ ሲጭን፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ሲተኛ። ሰሊሃ አንድ በአንድ አይታ መለሰችላት።

"ይህማ የማንም ልጅ ነው" አለች።

የግቢው በር ተከፈተ። ራሳቸውን የተላጩ ልጆች ወደ ጭነት መኪናው መውጣት ጀመሩ። አፊፋ ካለችበት ካሜራዋን አነሣች። ረሺድ በካሜራው መስታወት ውስጥ የባቄላ ፍሬ ያህላል። ካሜራውን አወረደችና መንገዱን ተሻገረች።

"ወዴት ነው?" አላት ጠባቂው።

"እህቱ ነኝ፣ ጓድ። ለእናቱ ፎቶ ላነሣው ነው።"

ጠባቂው ማዶ የተቀመጠችውን ሰሊሃን አየ። "ቶሎ በይ" ብሎ ዞር አለ።

ረሺድ ሲያያት የተላጨ ራሱን በእጁ ሸፈነ።

"ላንሣህ ወይ?"

"አይሆንም። እንዲህ ሆኜ አታንሺኝ" ብሎ ጀርባውን ሰጣት።

እንደ ወትሮው ብታነሣው ትችል ነበር። ካሜራው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። እምቢታው አልጎዳትም፤ የሚጎዳው ነገር ከውስጧ ያለቀ ይመስል የመኪናውን ብረት ይዛ ቆመች። ሞተሩ ሲነሣም አልሄደችም።

"አለሽ?" አላት ሳይዞር።

"አለሁ።"

ያኔ ዞረ። እጁን ከራሱ ላይ አወረደ።

"ለእማ ብቻ ነው። ሌላ ሰው እንዳያየው፤ ማይልኝ።"

ዓይን ለዓይን ሲተያዩ አፊፋ ይህን ፎቶ አቶ ወልደአረጋይ ቢያዩት 'ለሥራው ትሆኛለሽ' እንደሚሏት አወቀች። በከተማው ፊልም የሚታጠበው እሳቸው ቤት ብቻ ነው።

"ወላሂ፣ ሌላ ሰው አያየውም" አለችና አነሣችው።

መኪናው ከሄደ በኋላ እናቷን ደግፋ አስነሣች። በፎቶ ቤቱ በር በኩል አልፈው፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስ የሚቆምበት ደረሱ።

"እዚህ ምን አለን?" አለች ሰሊሃ።

"ፊልሙን አዲስ አበባ ወርጄ ነው የማሳጥበው፤ እዚያ ረሺድን የሚያውቀው የለም" አለች አፊፋ።