የመድረኩ መሐላ

ባለቤቴ ባህረዲን ባንዳ ሆኖ የተጫወተው በ1985 ዓ.ም. ነው። በቀበሌያችን አዳራሽ ጣሊያን አገር ሲይዝ የሚያሳይ ድራማ ተዘጋጅቶ ባንዳ የሚሆን ሰው ጠፋ። ባህረዲን እምቢ ማለት አይችልም፤ ገባበት። ባንዳው የተደበቁ አርበኞች ዘንድ ሄዶ መንገዱ ላይ ጣሊያን የለም ብሎ ይምልላቸዋል፤ አምነውት ሲወጡ ይገደላሉ። ጽሑፉ ላይ መሐላው «እናቴ ትሙት» ነበር። በዕለቱ ግን አዳራሹ ሞልቶ ሲያይ በጨርቅ ሱቁ የለመደው መሐላ አመለጠው።

«ወላሂ የለም» አለ።

ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። አዘጋጁ ጋሼ ይሄይስ ወዲያው ጽሑፉ ላይ አሰፈሩት።

ሰኞ ዕለት እሱ የሚሠራበት የአንዋር መስጊድ አካባቢ ጨርቅ ነጋዴዎች አልሰደቡትም። ያኔ ንግዱ በቃል ነበር፤ አንድ ሰው ጣቃው ነገ ይደርሳል ብሎ ከማለ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ባህረዲን ሲምል በጥርጣሬ ያዩት ጀመር። ቲያትር እኮ ነው ብሎ ለመናቸው።

«አውቃለሁ» አሉት ከነጋዴዎቹ ትልቁ ሀጂ ጃፋር። «ግን ስትዋሽ እንዴት እንደምትምል አየንህ።»

በዓመቱ ሱቁን ዘግቶ ቤት ተቀመጠ።

በ1990 ድራማው እንደገና ታየ። ወላሂ ማለት የፈራ ሌላ ሰው በእናቱ ሲምል ከኋላ «ወላሂ በል እንጂ!» እያሉ ሳቁበት። በማግስቱ የመጣ ተመልካች አልነበረም። በ1997 ለሦስተኛ ጊዜ ሲዘጋጅ ባንዳውን ለልጄ ለሙናዊር ሰጡት። ሀጂ ጃፋር መጋዘን ከተቀጠረ ገና ስድስት ወሩ ነበር።

ጽሑፉን ከትራሱ ሥር አወጣሁት። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ስለነበር፣ በጣቴ እየተከተልኩ ቃሉን እስካገኘው ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በእስክሪፕቶ ደጋግሜ ሰረዝኩት። ጋሼ ይሄይስንም ለመንኳቸው፤ ሰው የሚመጣው ያንን ለመስማት ነው አሉኝ። ልጄን በእናትህ ማል አልኩት።

«እማዬ፣ አንቺን ልግደልሽ?»

«ግድ የለም፣ እኔ ልሙት።»

ስቆ እሺ አለኝ።

እሁድ ከሰዓት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሙናዊር አርበኞቹ ፊት ቆመ፤ አንገቱን ሰበር አደረገና «ወላሂ የለም» አለ። ድምፁ የአባቱ ነበር። አንገቱን የሰበረውም እንደ አባቱ ነው። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ ባህረዲን ቤት ውስጥ ሲያስጠናው እንደከረመ የገባኝ ያኔ ነው። አዳራሹ ተነሣ። እኔ አላጨበጨብኩም፣ አላለቀስኩምም። እጆቼ ጭኔ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ መስለው ተቀምጠዋል።

ሰኞ ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ከሀጂ ጃፋር መጋዘን ፊት ለፊት ሄጄ ቆምኩ። ሀጂ ልጄን ሲያዩት ሳቁ።

«ባንዳው መጣ! ና፣ መኪናው ደርሷል፣ ቆጥረህ ተረከብ» ብለው ቁልፉን ወረወሩለት። ሾፌሩ ወረቀት ዘረጋ፤ ሙናዊር ፈረመ። ማል ያለው የለም። ለካ ሁሉ ነገር በፊርማ ሆኗል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስታውን ጠበቅኩት፣ አልመጣም። ቤት ስገባ ባህረዲን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ምን አሉት?»

«ምንም።»

«ሀጂስ?»

«ሳቁ።»



«ሳቁ?» አለ።

«ሳቁ» አልኩት።