ዘይት የጠጣ ፍሬን

የውኃ ቧንቧ ቆፋሪዎቹ አለቃ ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ገብቶ መሃል ላይ ቆመና በጫማው ጫፍ መሬቱን መታ መታ አደረገ። አዲሱ መስመር የሚያልፈው በዚያ ነው። እዚያ ላይ ደግሞ የባለቤቴ መኪና ቆማለች።

«ሰኞ ጠዋት እንቆፍራለን። መኪናዋን አንሱልን» አለ።

«ትነሳለች» አልኩት።

«በምን?» አለ ከኋላዬ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም።

ሰፈሩ ይህን ሰው ፕሮፌሰር ይለዋል። አስተምሮ አያውቅም፤ የተማረውም እስከ ግማሽ ነው። ነገር ግን ወሬው ስለ ምንም ይሁን አንዴ አፉን ከከፈተ ማጠቃለያው ላይ ሳይደርስ አይዘጋም።

«ይቺ መኪና ወንድሜ ካረፈ ጀምሮ ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ቅጠል ለብሳ፣ የድመት መኝታ ሆና ነው ያለችው። ለመሆኑ ምን ልታደርጊባት ነው?»

«እነዳታለሁ።»

«አንቺ? መንጃ ፈቃድሽ ከቦርሳሽ ወጥቶ ፀሐይ አይቶ ያውቃል?»

መንጃ ፈቃዱን ያወጣሁት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ግን መንዳት የሚወድ ሰው አገባሁ።

ንቅንቅ አላለችም ማለቱ እውነት ነው። በየእሑዱ ጠዋት ባትሪው እንዳይሞት ገብቼ ሞተሯን አስነሳ ነበር። ትንሽ ሰምቼው አጠፋና እወርዳለሁ። ማርሽ አላስገባም፤ የእጅ ፍሬኑንም አልነካም። ባለቤቴ ለመጨረሻ ጊዜ ከሥራ ገብቶ ሲያቆማት እስከ ላይ ድረስ ስቦት ነበር። እንደሳበው ተቀምጧል።

«እንስማማ» አለ ፕሮፌሰር። «እስከ ሰኞ ጠዋት በራሷ ጎማ ከግቢ ከወጣች ያንቺ ናት፤ ሁለተኛ ስሟን አላነሳም። ካልወጣች ግን ብረት ገዢው መጥቶ ይጭናታል። ዝገት ይዘን አንኖርም።»

ግቢው የአማቴ ስለሆነ ሁለታችንም ወደ በረንዳው ዞርን። እማማ ትሪ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። የዚያች መኪና የኋላ ወንበር የግል ርስታቸው ነበር፤ ከዚያ ተቀምጠው ያላዘዙት መንገድ፣ ያልተቹት ሹፌር የለም።

«በራሷ ጎማ» አሉ ምስሩን ሳይተዉ። «ተስማምቻለሁ።»

ፕሮፌሰር ወዲያው ሹፌር ቦታ ገባ፤ የእጅ ፍሬኑን እጀታ ጠቅ አድርጎ ወደ ታች ለቀቀው። እኔ ፊቴን ወደ ዛፉ አዞርኩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ማርሽ ገባ፤ መኪናዋ ግን ቂጧን ወደ መሬት ዝቅ አድርጋ እንደ እልኸኛ አህያ ቆመች። ነዳጁን በረገጠ ቁጥር ጭሱ ግቢውን ሞላው፤ የኋላ ጎማዎቹ ግን አንዲት ጣት አልዞሩም።

«እጀታው ወርዷል እኮ!» ብሎ ጮኸ በጭሱ ውስጥ። «ፍሬኑን ለቅቄዋለሁ!»

«ልጄ መቼ የያዘውን ይለቅ ነበር» አሉ እማማ።

ማንም አልሳቀም። ፕሮፌሰር ሞተሩን አጠፋ።

ከመንገዱ ማዶ ካለው ጋራዥ መካኒኳን ጠራኋት። ሰፊ ትከሻ ያላት፣ ከመናገሯ በፊት የምትስቅ ሴት ናት። ከመኪናዋ ሥር ገብታ አንኳኩታ፣ አዳምጣ፣ ቱታዋ ላይ ቅጠል ተሸክማ ወጣች።

«እትዬ፣ ፍሬኑ ዝጓል» አለችኝ። «ጎማው ውስጥ ድስት የመሰለ ብረት አለ፤ ታምቡር ነው። ከውስጡ ደግሞ ሸራ አለ። የእጅ ፍሬን ሲሳብ ሸራው ታምቡሩን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። ያ ሁሉ ዝናብና እርጥበት ሲደራረብበት ተጣብቀው ቀሩ። እጀታው ቢወርድም እነሱ ወሬውን አልሰሙም። ተጋብተዋል።»

«እናፋታቸዋ!» አለ ፕሮፌሰር።

«የማፋታቸው እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ነገ መዶሻዬን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ ማንም እጁን እንዳያስገባ።»

ይህን ያለችው ለማታውቀው ቤት ነው። የእኛ ቤት ደግሞ ለሁሉም ነገር አንድ መድኃኒት ብቻ የሚያውቅ ቤት ነው፤ ዘይት። ባለቤቴ ረጅም አፍ ያላት ዘይት መቀቢያ ነበረችው። በር ሲንጫጫ ጠብ፣ ቁልፍ ሲቸግር ጠብ፣ የስፌት መኪናው ሲከብድ ጠብ። እማማ ጉልበቴን ያዘኝ ሲሉት እንኳ ዘይት መቀቢያዋን ይዞ ይመጣ ነበር፤ ለቀልድ ነው፣ እሳቸው ግን አስቀብተው ተሽሎኛል አሉ። ሥራውን ሲጨርስ ዕቃ ቤት ምስማር ላይ ይሰቅላታል፤ ሁልጊዜ አፏን ወደ ግድግዳው አዙሮ። ከእሱ በኋላ ማንም አላወረዳትም። የመኝታ ቤቴ በር ይንጫጫል። ተላምደነዋል።

እሑድ ከገበያ ስመለስ መጥረጊያ ላወጣ ዕቃ ቤት ገባሁ። ዘይት መቀቢያዋ ምስማሯ ላይ ነበረች፤ አፏ ግን ወደ እኔ ዞሯል። ትንሽ ቆሜ አየኋት። ከዚያ መካኒኳ በሩን ስታንኳኳ ወጣሁ።

መካኒኳ መዶሻዋን ይዛ ከሥር ገባች። አንድ ጊዜ መታች፤ ሁለተኛውን ሳትደግም «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ወደ ሌላው ጎማ ዞረች፤ እሱም እንዲያው በአንድ ምት።

«ጉድ ነው» አለች እንደተጋደመች። «ላብ በላብ እሆናለሁ ብዬ ምሳዬን ጠንከር አድርጌ ነበር የመጣሁት። ደግሞ ዘይት ዘይት ይላል እዚህ።»

«አሮጌ መኪና ነዋ» አሉ እማማ ፈጠን ብለው።

«አሮጌ መኪና ይሸታል» አለ ፕሮፌሰርም። እናትና ልጅ በአንድ ሐሳብ ሲስማሙ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ለማንኛውም እዚህ አፈሩ ለስላሳ ነው፤ መኪናዋን የማነሳበት ክሪክ ይሰምጣል» አለች መካኒኳ። «አስፋልቱ ላይ ትውጣና ጎማውን ፈትቼ ውስጡን አየዋለሁ። ጋሼ፣ ሲያቆሟት የእጅ ፍሬኑን አይመኑት። ማርሽ ያስገቡ፣ ድንጋይም ያድርጉ።»

«ለእኔ ነው ይሄ የሚነገረው?» አለ ፕሮፌሰር፣ ሹፌር ቦታ እየገባ።

እማማ የኋላውን በር ከፍተው ቦርሳቸውን አስቀድመው ገቡ።

«እማማ፣ ሙከራ እኮ ነው» አልኳቸው።

«እኔም ልሞክር ነው» አሉና በሩን ዘጉ።

መኪናዋ ከግቢው ወጣች። በራሷ ጎማ፣ ቅጠሏን እያራገፈች ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ መሐረቤን አጥብቄ ያዝኩ። ፕሮፌሰር አስፋልቱ ላይ፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ጫፍ አቆማት፤ ሞተሩን አጠፋ፤ የእጅ ፍሬኑን ብቻ ስቦ ወረደ፤ እንደ ልማዱም በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። እታች ለነገው ቁፋሮ አሸዋ የሚያራግፉት የቧንቧ ሠራተኞች አካፋቸውን ተደግፈው ያዩታል። ሰው ካየው ደግሞ አበቃ።

«ዝገት ማለት» ብሎ ጀመረ እጁን ዘርግቶ፤ «ብዙ ሰው በጉልበት የሚሸነፍ ይመስለዋል። ዝገት የሚሸነፈው በዘዴ ነው። አንደኛ...»

ሁለተኛው ላይ አልደረሰም። መኪናዋ ከኋላው እግር ጥሏት እንደወጣች ሴት ቀስ ብላ መሄድ ጀመረች።

«ጋሼ!» አለች መካኒኳ።

«አታቋርጪኝ።»

«ጋሼ፣ እናትዎ እየሄዱ ነው!»

ዞሮ አየና ሮጠ። ፍጥነቷ የሰው እርምጃ ያህል ስለነበር ወዲያው ደረሰባት፤ በሩ ግን ተቆልፏል። ጎን ለጎን እየሮጠ ኪሶቹን ይፈትሽ ጀመር፤ መሐረብ ወጣ፣ መነጽር ወጣ፣ ማበጠሪያ ወጣ። እማማ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ያስሮጥሃል? ለምን ገብተህ አትነዳም?»

«እማዬ፣ ፍሬን! ፍሬኑን ሳቢው!»

«ማነው ታዲያ የሚነዳው?»

«ማንም!»

እማማ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ባዶውን ወንበር አዩ። ከዚያ እንደገና ተደግፈው ቁጭ አሉ። ለልብስ ሰፊው በሱቁ በር ላይ፣ ለጎረቤቶቹም በተራ እጃቸውን አነሱ። እኔም መካኒኳም ከኋላ እየሮጥን ነበር፤ እኔ እንኳ የምሮጠው ለእማማ ይሁን ለመኪናዋ ያን ጊዜ አልለየሁም። ሠራተኞቹ ገለል አሉ። መኪናዋ የአሸዋው ክምር ላይ አፍንጫዋን አስገብታ ትራስ እንዳገኘ ሰው ጸጥ አለች።

እጄን በመስኮቱ አስገብቼ በሩን ስከፍትላቸው እማማ ሻሻቸውን አስተካክለው ወረዱ።

«ዕድሜ ልኬን በመኪና ስሄድ» አሉ፣ «እንዲህ ለስላሳ ሹፌር ገጥሞኝ አያውቅም።»

መካኒኳ መኪናዋን በክሪክ አነሳች፤ ጎማውን ፈታች፤ ታምቡሩን ጎትታ አወጣች። ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። በጣቷ ነክታ አሸተተች፤ ወደ ሌላው ጎማ ሄዳም እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ተነስታ እናትና ልጅን በተራ አየቻቸው።

«ሁለት ዓይነት ነው» አለች። «አንዱ ነጭ፣ የስፌት መኪና ዘይት። አንዱ ጥቁር፣ ከሞተር የወጣ። ፍሬን እኮ የሚይዘው ስለሚፋተግ ነው። ይሄን ያጠጣው ሰው ማነው?»

ፕሮፌሰር ሰማዩን አየ። እማማ ቦርሳቸውን ከፍተው የሆነ ነገር ይፈልጉ ጀመር።

«እሷ ናት» «እሱ ነው» አሉ እኩል።

«አንተ መቼ አየኸኝ?» አሉ እማማ።

«ዘይት መቀቢያዋን ስትመልሺ! አንቺስ እኔን?»

«በመስኮት። ሱሪህን አፈር አስነክተህ ተጋድመህ። እኔ እንኳ ጠብ ጠብ ነው ያደረግኩት፣ አንተ በጣሳ ነው የገለበጥከው!»

«እኔ ሳይንሳዊ መጠን ነው የተጠቀምኩት!»

«ልጄ ቢኖር ይቀባው ነበር ብዬ ነው» አሉ እማማ፤ ይህኛውን ለእኔ ነው ያሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልትሸጥብሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ፣ እማማ» አልኳቸው።

መካኒኳ ዘይት የጠጣው ሸራ አይድንም ብላ ከጋራዡ አዲስ አመጣች። ታምቡሩን በቤንዚን አጥባ ወደ ብርሃን ዘወር አደረገችልኝ። ውስጡ ዙሪያውን ቡናማ ዝገት ነው፤ ሸራው ተጣብቆ የቆየበት ቦታ ግን ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዳርቻው በዝገት የተከበበ፣ መዳፍ የተጫነበት የሚመስል ቅርጽ።

«ይዩ፣ ምን ያህል አጥብቆ እንደያዘ» አለችኝ። «ማነው እንዲህ የሳበው?»

«ባለቤቴ።»

መዶሻዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ካልተፋቀ አዲሱ ሸራ እኩል አይቀመጥበትም፣ እትዬ። ልፋቀው?»

«ሻካራ ወረቀቱን ስጪኝ» አልኳት።

የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ታምቡሩን ጭኔ ላይ አደረግኩ። ዝገት ማለት ብረት ከአየርና ከውኃ ጋር የሚያደርገው ነገር ነው፤ ይህን ተምሬዋለሁ። ሲፋቅ እንዴት እንደሚያንጠጠጥ፣ ብናኙ እንዴት ጥፍር ውስጥ እንደሚገባ ግን አልተማርኩም። ዙሪያውን ጨረስኩ፤ ያችን ቅርጽ መጨረሻ ላይ አስቀረኋት። ከዚያ እሷንም ፋቅኳት። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

ሸራው ገብቶ ጎማው ሲታሰር የፕሮፌሰር አፍ ተከፈተ።

«እንግዲህ ስለ ስምምነታችን» አለ። «በራሷ ጎማ መውጣት ማለት በቁጥጥር ሥር መውጣት ነው። ይሄኛው መንሸራተት ነው። አይቆጠርም።»

«ከግቢ ስትወጣ ማን ነበር የሚነዳት?» አልኩት።

«እኔ።»

«ያንተ መንዳት አይቆጠርም ማለት ነው?»

የቧንቧ ሠራተኞቹ ሳቁ። ፕሮፌሰር ወደ እናቱ ዞረ።

«ወጥታለች» ብለው ፈረዱ እማማ። «ኋላ ላይማ ሹፌርም ሳያስፈልጋት ነው የሄደችው። ቁልፉን ስጣት።»

ቁልፉ በመጨረሻ ከሸሚዙ ኪስ ተገኘ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ለረጅም እግር የተስተካከለ ስለነበር ወደ ፊት ሳብኩት። ይህን በየእሑዱ ሳላደርገው ቆይቻለሁ። ሞተሩን አስነስቼ ከአሸዋው ወደ ኋላ ወጣሁ፤ አንድ ጊዜ ጠፋብኝ፤ ከኋላ ሳቅ ሰማሁ፤ እንደገና አስነሳሁ። ቁልቁለቱ መሃል ላይ አቆምኩና የእጅ ፍሬኑን እስከ ላይ ሳብኩት። ወረድኩ።

ሁላችንም ቆመን አየናት። ፕሮፌሰር ድንጋይ አንስቶ ከጎማው ሥር ሊያደርግ ሲል መካኒኳ ድንጋዩን በእግሯ ገፋችው።

«ይተዉአት ጋሼ። ይዛለች።»

ይዛ ነበር። ማንም ሳይነካት፣ አንዲት ጣት ሳትንቀሳቀስ ቆመች።

ዕቃ ቤት ገብቼ ዘይት መቀቢያዋን አወረድኩ። የመኝታ ቤቴን በር ማጠፊያ ጠብ አደረግኩለትና መልሼ ሰቀልኳት፤ አፏን ወደ ግድግዳው አዙሬ። ስመለስ መካኒኳ ክሪኳን ትሰበስባለች፤ ፕሮፌሰር ለቧንቧ ሠራተኞቹ ዝገትን ከአንደኛ ጀምሮ ያብራራል። እማማ ደግሞ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ ሙከራው አልቋል እኮ» አልኳቸው።

«ምን አለቀ? መንጃ ፈቃድሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ።»

«ግቢያ።»

ገባሁ። እጀታውን ያዝኩ፤ አዲስ ሸራ ስለሆነ ጠንከር ይላል። ጠቅ አድርጌ ወደ ታች ለቀቅኩት፤ ጎማዎቹም ወዲያው ሰሙ።

«ቀስ እያልሽ» አሉ እማማ ከኋላ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ እያደላደሉ። «የቅድሙ ሹፌሬ እንዲህ አያጣድፍም ነበር።»