የጎላው ስንቅ

የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ የትበርህ እጅ እስከ ክርኑ ጎላው ውስጥ ነበር። የመጨረሻዋን የበሶ ከረጢት ከድርቆሹ ጎን እየጠቀጠቀች ሳለ ድምፁ የቆርቆሮውን ግድግዳ አልፎ ገባ።

«የእድር አባላት! የጓድ አለም እናት ወይዘሮ ሣባ ዐርፈዋል! ቀብሩ ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው! እንዳትቀሩ!»

«እኔን!» አለች ትበርህ። ለሟቿ ይሁን ለራሷ እሷም አላወቀችውም።

ከኦሎምፒያ ወረድ ብሎ ባለው በዚህ ሰፈር የእድሩ ዕቃ ቤት የሚገኘው በትበርህ ግቢ ውስጥ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ሁለቱ መካከለኛ ድስቶችና ሰው ቁጭ ብሎ የሚደበቅበት የሚያክለው ትልቁ ጎላ እዚያ ይቀመጣሉ። ሰው ካልሞተ ያንን በር የሚከፍት የለም። ቀበሌ የመኖሪያ ቤቷን በወር ውስጥ ሁለቴ ፈትሿል፤ በሁለተኛው ጊዜማ ሊቀመንበሩ ጓድ አለም ራሱ ቆሞ ፍራሿን አስቀድዶ፣ ጥጡን አስበትኖ ነው የሄደው። ዕቃ ቤቱን ግን «የሙታን ዕቃ ነው» ብለው አልነኩትም።

ሚያዝያ 1983 እያለቀ ነበር። ሬዲዮው ስለ ድል ያወራል፤ ገበያው ሌላ ይናገራል፤ ትበርህ ያመነችው ገበያውን ነው። ባሏ ገብረእዝጊ በከባድ መኪና ወደ አሰብ ከሄደ ወር አልፎታል፤ ደብዛው የለም። መንገዱ ሲዘጋ እህል እንደሚጠፋ፣ እህል ሲጠፋ ደግሞ ቀድመው የሚራቡት የማን ልጆች እንደሆኑ ከትግራይ ያመጣችው ዕውቀት ነው። ስለዚህ ከቡልቡላ ገበሬዎች ገብስ በጣሳ በጣሳ ገዛች። ሌሊት ቆልታ፣ እንዳይነቃባት በሦስት ወፍጮ ቤቶች እያፈራረቀች አስፈጨችው። «ለአራስ ጥየቃ ነው» ትላለች ሲጠይቋት። አንዱ ወፍጮ ቤት «ዘንድሮ ዘመዶችሽ ሁሉ ወለዱ እኮ!» ብሎ ስቆባታል። የተረፈ እንጀራ በአልጋ ሥር አደረቀች። ከቀበሌ ስኳር ላይ በማንኪያ ቀነሰች። ጨው፣ ክብሪትና የጧፍ ቁርጥራጭ ጨመረች። አሮጌ ነጠላዋን ቀዳ፣ ቀቅላ፣ ለቁስል ማሰሪያ ጠቀለለችው። ብዙ አላወጣችም፤ የወጣው እንቅልፏ ነው።

የሚያስፈራትም እሱ ነበር። በሶና የቁስል ማሰሪያ ከትግራይ ሴት ቤት ከተገኘ ስሙ ሌላ ነው፤ «የወንበዴ ስንቅ» ይባላል። ሩዋንዳ ሰፈር አንዲት ሴት በአንድ ጆንያ በሶ ተይዛ ከሄደች ሁለት ሳምንት ሆኗት ነበር፤ አልተመለሰችም።

ከጡሩምባው በኋላ ያለውን ጊዜ ትበርህ ታውቀዋለች። ግፋ ቢል ግማሽ ሰዓት ነው። ከረጢቱን አውጥታ ወደ በሩ ሄደች፤ ወዴት እንደምትወስደው ስታስብ ተመልሳ ከተተችው። ክዳኑን ሳትገጥም የደረሰባት የእድሩ ጸሐፊ ሰይድ ነው፤ ቦሌ መንገድ ላይ ትንሽ ሱቅ ያለው፣ ጠና ያለ የወሎ ሰው። መዝገቡን በብብቱ ይዟል።

«ፈጥነሻል ትበርህ። በይ ዕቃውን እንቁጠር፣ ሰዎቹ እየመጡ—» አለና ዐይኑ ጎላው ላይ አረፈ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ስንቅ ነው ጋሽ ሰይድ።»

«የማን?»

«የልጆቼ። የማን ይሆናል?»

«ያ አላህ! በእድሩ ጎላ? ለዕቃው የፈረምኩት እኮ እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ?»

«ሰው አይሞትም ብዬ ነው።»

«ሰው አይሞትም ብለሽ! እድር ውስጥ!»

በሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። ደግሞም እውነቷን ነው፤ ላለፈው አንድ ወር የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጤና እንደ ትበርህ የተከታተለ ሐኪም የለም። ወይዘሮ ሣባ ሲያስሉ ሾርባ ይዛ የሄደችው፣ የሊቀመንበሩን ደጅ እየፈራች የረገጠችው፣ አሮጊቷ እንዲቆዩላት ነበር። ትወዳቸውም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ሰይድ ክዳኑን መለሰና ላቡን ጠረገ። «ሁለቱን ድስቶች እንሰጣቸዋለን። ጎላው ቀዳዳ ነው እላለሁ። አንቺ አፍሽን ያዢ።»

አራት ተሸካሚዎች ገቡ። ከፊታቸው የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ነበር።

«ትልቁ ጎላ ይቅደም» አለ ጥበቃው። «ለቀስተኛው ብዙ ነው።»

«እሱ ቀዳዳ ነው፤ አያገለግልም» አለ ሰይድ።

«ቀዳዳ? አባቴ ሲሞቱ ወጥ የተሠራው በእሱ አይደል?» በጠመንጃው ሰደፍ መታው። የባዶ ብረት ድምፅ አልሰጠም። ጥበቃው ሰይድን፣ ቀጥሎ ትበርህን አየና ክዳኑን ገለጠው። የተቆላ ገብስ ሽታ ክፍሉን ሞላው። እጁን ሰዶ ሲያወጣ የተጠቀለለውን ነጠላ ይዞ ነበር።

«ፋሻ! ለወንድሞችሽ ነው አይደል?»

የትበርህ ልጆች እዚያው ግቢ ባለው ቤት ገና አልተነሡም። ያላሰበችው ቃል ከአፏ ወጣ።

«የእድሩ ነው።»

ሁሉም ወደ ሰይድ ዞሩ። አይደለም ካለ እሷ አለቀላት፤ ነው ካለ አብሯት ይሄዳል። ሰይድ መዝገቡን ከብብቱ አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘው።

«የእድሩ ነው» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ቀጥኖ። «በየካቲቱ ስብሰባ ወስነናል። ለክፉ ቀን።»

«እንግዲያው ጓድ ሊቀመንበር ያንብቡት» አለ ጥበቃውና መዝገቡን ነጠቀው። «ጎላውን እንዳለ አንሱት!»

ተሸካሚዎቹ ጎላውን በአጣና አንጠልጥለው ወጡ። ትበርህና ሰይድ ከኋላ ተከተሉ። መንገዱ ላይ ያገኟቸው ሴቶች ለለቅሶ የምትሄድ መስሏቸው «እግዜር ያጽናሽ» ይሏታል።

ጓድ አለም የካኪ ልብሱን አውልቆ ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ዐይኑ አብጧል። ጥበቃው በጆሮው ሲያንሾካሹክለት ፊቱ አልተለወጠም። ጎላውን ጓሮ አስገባና ሁሉንም አስወጣ፤ ሰይድንም ጭምር። ትበርህ ብቻዋን ቀረች።

ክዳኑን ከፈተ። መዝገቡን ግን አልከፈተውም።

«ይሄ ስንት ሰው፣ ለስንት ቀን ያበላል?»

ወንጀሏን እየመዘነ መሰላት። መዋሸት አልሆነላትም። «ሦስት ሰው። ለሁለት ወር፣ ከቆጠቡት።»

«ብል አይበላውም?»

«በደንብ ከተቆላ አይበላም።»

«ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው? እሳት አይፈልግም?»

«ውሃ ብቻ።» ቀና ብላ አየችው። መርማሪ እንዲህ አይጠይቅም።

በላያቸው አውሮፕላን አለፈ። ጓድ አለም ድምፁ እስኪጠፋ ወደ ላይ አንጋጦ ቆየ። «ከማክሰኞ ጀምሮ ትላልቆቹ ባለሥልጣናት ቤተሰባቸውን እያወጡ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔን የነገረኝ የለም። ከአጥሬ ላይ ሆኜ ነው የማያቸው።»

ትበርህ የጎላውን ክዳን አንሥታ ገጠመችው።

«ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ልጆቹን የያዙልኝ እናቴ ነበሩ። አሁን...» ጎላውን በእግሩ ነካ አደረገው። «ያለሁበትን ቦታ ታውቂዋለሽ። መንግሥት ቢለወጥ ለእኔ ልጆች እህል የሚሸጥ ሰው አይኖርም። ቤቴን ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው ነው የሚፈትሹት። ለልጆቼ ስንቅ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቦታ ይኖራል?»

ትበርህ ደረቷ ውስጥ የታፈነው ነገር ፍርሃት መሆኑ ቀረና ንዴት ሆነ። ፍራሿን አስቀድዶ ቆሞ የሳቀው ሰው ነው። ልጆቿ ሲያለቅሱ «ዝም አሰኚያቸው» ያላት እሱ ነው። የለም ብትለው ምን ሊያደርጋት ነው? አንገቱን ሰጥቷታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትፈራ አየችው፤ ደስም አላት፤ ደስ ማለቷም አሳፈራት። በጓዳው በር ክፍተት ትንሿ ልጁ አያቷን እየተጣራች ስታለቅስ ይሰማል።

«ጎላዬ ወደ ቦታው ይመለሳል?» አለች።

«ዛሬውኑ። ሁለቱ ድስቶች ይበቁናል።»

«ጋሽ ሰይድ አይጠየቅም?»

«መዝገቡን ይውሰድ። ማንም አይነካውም።»

«ገብሱን ይላኩልኝ። አቆላሉ የእኔ ነው።»

ጓድ አለም ረዥም ትንፋሽ አወጣ። «እግዜር ይስጥሽ። እንግዲህ አራት ነን፤ እኔና ሦስት ልጆች።»

ትበርህ ነጠላዋን ለለቅሶ ዘቅዝቃ ለበሰች።

«ለሦስቱ ነው የምቆላው» አለችና ለወይዘሮ ሣባ ልታለቅስ ወደ ሴቶቹ ሄደች።