የበር ቁልፍ የታተመባቸው ጠርሙሶች

እታለም አንዴ ቃል ከአፏ ከወጣ አለቀ። "ቅዳሜ እመጣለሁ፤ አባዬ የጠዋቱንና የማታውን መድኃኒት በእጁ ለይቶ ካነሳ እዚሁ ይኑር። ካልለየ ግን ይዤው ነው የምሄደው" አለች።

ታናሽ ወንድሟ ምን ይበል? እውነቷን ነዋ! የአባታቸው ዓይን ከደከመ ወዲህ ጠርሙስ ተምታቶባቸው ሐኪም ቤት አድረዋል። ግን እሷ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። እሱ የሚኖረው መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ ከአባቱ ጋር ካልተጨዋወተ ቀኑ የዋለ አይመስለውም። አባቱ ከሄዱ ምን ሊውጠው ነው?

የማሽን ዕቃ ነዳፊ ነውና ቶሎ መላ መጣለት። ያቺን የላስቲክ ጥብጣብ አስገብተው እጀታዋን ሲጨብጧት ፊደል አበጥ አድርጋ የምታትም መሣሪያ አወጣ። አብሯት የመጣው ፊደል የተደረደረበት ክብ ዲስክ የፈረንጅ ፊደል ብቻ ስለነበረው የራሱን ነደፈ። ከታች ከፍ ያለ ፊደል፣ ከላይ እሱኑ የሚቀበል ጎድጓዳ። ሬዚን ከሚባል ፈሳሽ ፕላስቲክ ቅርጽ በሚያወጣ ማሽን አተመው፣ አጠበው፣ በብርሃን አደረቀው። የመጀመሪያው ገና አንዴ ሲጨብጠው ቀጭ አለ። ሲጫኑት የማይሰበር ሬዚን ገዝቶ ደገመው፤ "ጠዋት" እና "ማታ" ነጭ ሆነው ቁልጭ ብለው ወጡ። ኩራቱ ጣሪያ ነካ።

"ምን ይላል አባዬ?"

አባት በአውራ ጣታቸው አሹት። "አሸዋ ይላል።"

እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ነካው። አሸዋ! ለጣት የሚሠራውን ነገር ሳምንቱን ሙሉ መብራት ሥር አፍጥጦ በዓይኑ ሲመረምር ከርሟል። ወይ ጉድ! ራሱን በጥፊ ቢል ደስ ባለው።

"በል አትናደድ" አሉ አባት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁልፍ ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው። ከኪሳቸው የቁልፍ ዘለላ አወጡና አንድ በአንድ ዳሰሱ። "ይኼ የፊት በር። ይኼ የግቢው። ይኼ የጎረቤታችን፤ እኔ ጋ ምን እንደሚሠራ እንዳትጠይቀኝ።"

ልጁ ብድግ አለ። ከዲስኩ ላይ ፊደል ወጣና የቁልፍ ጥርስ ገባ፦ ረጅም፣ አጭር፣ ሹል፣ ደልዳላ። በተራ በተራ ሲያትማቸው ጥብጣቡ ላይ የፊት በሩ ቁልፍ ወጣ፤ ቀጥሎም የግቢው። ጠርሙሶቹ ላይ ለጠፋቸው።

ቅዳሜ እታለም ከሌሎች ጠርሙሶች ጋር ራሷ አመሳቀለቻቸው። አባት ጣታቸውን አሳለፉ። "የፊት በር፤ ጠዋት ተነስቼ የምከፍተው። ይኼ የጠዋቱ ነው። ይኼ ደግሞ የግቢው፤ ማታ የምቆልፈው።" ደግማ አመሳቀለች፤ ደግመው ለዩ። ወንድሟ እልል ማለት ነው የቀረው።

እሷ ግን ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። "እንግዲህ አሸነፋችሁ" ስትል እንባዋ ቀደማት።

"ምነው ልጄ?"

"መድኃኒቱ ብቻ መሰለህ አባዬ? ልጆቼ ሁሉም ከቤት ወጡ። ስገባ 'ደህና ዋልሽ' የሚለኝ ሰው የለም። እኔ ቤት ያንተን ክፍል ካስቀባሁት ቆየሁ።"

አባት ወደ እሷ ዞሩ። "ታዲያ ይኼን ቀድመሽ አትነግሪኝም? 'አይችልም' ተብዬ እንደ ዕቃ ተጭኜ አልሄድም ብዬ እኮ ነው። ብቻዬን ነኝ ካልሽኝማ እመጣለሁ። ጠርሙሶቼንም ራሴ ለይቼ እውጣለሁ፤ ማንም አይጠብቀኝም።"

ወንድምየው በቆመበት ክው አለ። አባቱን ያስቀርልኛል ብሎ የደከመበት ዲስክ ጭራሽ መንገዱን ጠረገላቸው። "እኔስ?" ሊል አፉን ከፈተ። እህቱ እንደተናገረችው መናገር ግን አቃተው።

"ምን ይገትርሃል?" አሉት አባት፣ ፊታቸው በርቶ። "ሻንጣዬን አውርድልኝ እንጂ!"

"እሺ አባዬ" አለና ቁም ሳጥኑ ላይ ተንጠራራ።