የግራው ፍሬን

ሰፈርተኛው «ካፒቴን» ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ፤ መብረሩን በኋላ በበረራ ክበብ ተምረው ፈቃድ አውጥተዋል። ባለ ሁለት ወንበሯን አውሮፕላን ግን በገዛ እጃቸው፣ ጓሯቸው ካለው መጋዘን ውስጥ፣ ብሎን በብሎን ገጣጥመው ነው የሠሯት። ባለቤታቸው «ጣውንቴ» ይሏታል። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ሙሉ በሙሉ ቀልድ ነው ማለት ግን አይቻልም።

አሁን የቀረው ለቅዳሜ የታሰበው የመጀመሪያው በረራ ብቻ ነበር፤ ካፒቴንም ለዚያች ቀን ሲሉ ነው ጡረታቸውን ሙሉ ብረት ሲሞርዱ የኖሩት። ፍሬኑ ግን አላስቆም አላስቀምጥ አላቸው። በበረራ ክበቡ ሜዳ ላይ ሲያሽከረክሯት አውሮፕላኗ ወደ ግራ ትስባለች። ሲወርዱ የግራው ጎማ ዲስክ ግሎ እጅ አያስነካም፤ የቀኙ ቀዝቃዛ ነው። ፒስተኑን ፈቱ፣ ዘይቱን የሚያግደውን ጎሚኒ ቀየሩ፣ ዘይቱን ደፍተው አዲስ ሞሉ፣ አየሩን አስወጡ። በክሪክ አንስተው ጎማውን በእጅ ሲያዞሩት እንደ ልቡ ይሽከረከራል። ተቀምጠው ሲነዷት ግን ያው ወደ ግራ።

«አባዬ፣ ዛሬ እኔ ልሞክራት» አለች ልጃቸው። የመኪና መንዳት አስተማሪ ናት፤ መብረሩንም ከአባቷ ጋር ነው የተማረችው።

«አንቺ ደግሞ ስለ ፍሬን ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለሚረግጡት ሰዎች አውቃለሁ።»

ገብታ እስከ ሜዳው ጫፍ ነድታ ተመለሰች። ቀጥ ብላ ሄደች፣ ቀጥ ብላ መጣች። ካፒቴን ጎንበስ ብለው የግራውን ዲስክ ነኩት። ቀዝቃዛ ነው። ደስ ሊላቸው ሲገባ ፍርሃት ፍርሃት አላቸው።

«አንቺ ቀላል ስለሆንሽ ነው» አሉ።

«ያንተ ክብደት ያለው በግራ በኩል ብቻ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀችና አስገብታ አስቀመጠቻቸው። ራሷ ከውጭ በበሩ በኩል ተንበርክካ ወደ ፔዳሎቹ ተመለከተች። ፔዳሉ ሲገፋ ጭራውን ያዞራል፤ የላይኛው ጫፉ በእግር ጣት ሲረገጥ ደግሞ በዚያው ወገን ያለውን ጎማ ይይዛል።

«ከተማሪዎቼ መካከል ሁልጊዜ አንድ አይጠፋም» አለች። «እግሩን ፍሬን ላይ አሳርፎ አልረገጥኩም ብሎ ይምልልኛል። እውነቱን ነው፤ አያውቀውም።»

«እኔን ከጀማሪ ጋር ታወዳድሪኛለሽ?» ቆጣ አሉ።

«ተረከዝህን ወለሉ ላይ አድርግ።»

«አድርጌዋለሁ እኮ!»

የግራ ተረከዛቸው ከወለሉ ተነስቶ ነበር፤ ጣቶቻቸው ፍሬኑ ላይ ተኝተዋል።

ካፒቴን ልባቸው ያውቀዋል። ከክረምቱ ወዲህ የዚያ እግራቸው ጣቶች ደንዝዘዋል። አንድ ቀን ነጠላ ጫማቸው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ሳይሰማቸው እቤት ገብተዋል። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ሐኪም ከሰማ «መብረር ይቅርብዎ» ይላቸዋል፤ ይህን ደግሞ ከሞት እኩል ይፈሩታል።

«ጫማህን ላወልቅልህ ነው» አለች ልጅቱ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ወደ ፊት እያየህ፣ ጣትህን ስነካህ ንገረኝ።»

ወደ ፊት እያዩ ጠበቁ። ጠበቁ። እስካሁን ሳትነካኝ አትቀርም ብለው አሰቡ።

«አሁን ነካሽኝ» አሉ።

ዞረው ሲያዩ ልጅቱ የጫማውን ክር እንደያዘች ቀርታለች። ጫማው ገና እግራቸው ላይ ነበር።

«አባዬ...»

«ቆይ እስቲ፣ ትንሽ ቆይ» አሉ። እንባቸው መጣ። ለመደበቅም አልሞከሩም። ልጅቱ ጉልበታቸው ላይ እጇን አድርጋ አብራቸው ቆየች።

«ነገ ሐኪም ቤት ትወስጂኛለሽ» አሉ በመጨረሻ። «ቅዳሜ ደግሞ አንቺ ታበሪያታለሽ። ፍሬኑ ምንም አልሆነም።»

«የመጀመሪያውንማ አልወስድብህም! ይህን ሁሉ ዘመን ለፍተህ!»

«አትወስጂብኝም። እኔ ነኝ የምሰጥሽ።»

በሯን ተደግፈው ቀስ ብለው ወረዱ። ከዚያ አስራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ አንስተው፣ የነጂውን ወንበር ብሎኖች ፈተው፣ ለእሷ እግር በሚሆን ልክ ወደ ፊት ያስጠጉት ጀመር።